የአፋችን ስፌት

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ለመምህራንና ለወላጆች ያደረግሁት ንግግር ነው። "ጽፈሽ አስቀምጭልን" ያላችሁኝ ስለበዛችሁ ከአፌ እንደወጣ አስቀምጨዋለሁ። የምጠራቸው ዓመታት በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ጤና ይስጥልኝ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ! እንደምን ዋላችሁ? ከሞጣ፣ ከቢቸና፣ ከደጀን ጎህ ሳይቀድ ተነስታችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። እግዜር ይስጥልኝ። ከኋላ ያላችሁ፣ ይሰማል? ጥሩ።

እናቱ ወይም አያቱ ድዷን የተነቀሰች እስኪ እጁን ያውጣ።

አዎ። ብዙ ነን። የእኔም እናት ተነቅሳለች። ገና ልጅ ሳለች ነው፣ ከመዳሯ በፊት። አንዲት ነቃሽ ሴት ድዷን በመርፌ ወጋግታ ጥላሸት አሸችበት። ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም ትላለች። እኔ በልጅነቴ እናቴ ስትስቅ ማየት እወድ ነበር። ጥርሷ ነጭ፣ ድዷ ጥቁር፣ ያምርባታል። የጥርስ ሕክምና ተምሬ ስመለስ ግን ያንን ድድ ሳየው አንድ ጥያቄ ያዘኝ። የድዳችን የላይኛው ሽፋን እየተላጠ በአዲስ ይተካል። የተማርንበት መጽሐፍ ለድድ ከ41 እስከ 57 ቀን፣ ለጉንጭ ውስጠኛ ክፍል ደግሞ 25 ቀን ያህል ይሰጣል። እንዲህ ከሆነ የእናቴ ጥላሸት ይህን ሁሉ ዘመን የት ሆኖ ቆየ?

መልሱን ስታውቁት ዛሬ የምነግራችሁን ግማሹን አወቃችሁ። ጥላሸቱ ከላይ ተቀብቶ ቢሆን ኖሮ ያኔውኑ በምራቅ ታጥቦ፣ ከሚላጠው ሽፋን ጋር ተጠርጎ ይሄድ ነበር። መርፌው ግን ሽፋኑን በስቶ ከሥሩ ወዳለው ሥጋ አስገባው። ያ ሥጋ እንደ ላይኛው ሽፋን ተላጥቶ አይወድቅም። እዚያ ያሉት የሰውነት ጠባቂ ሕዋሳት ጥላሸቱን ዋጡት፣ መፍጨት ግን አልቻሉም፣ እንደያዙት ቀሩ። ከሽፋኑ በላይ ያለ ነገር መጥቶ ይሄዳል። ከሽፋኑ በታች የገባ ነገር ግን ዕድሜ ልክ ሊቀመጥ ይችላል። ላይና ታችን የሚለየው ያ ስስ ሽፋን ነው። እኔም ስለ እሱ ላወራችሁ ነው የመጣሁት።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። ሽፋኑ በምን እንደተሰፋ፣ የት የት ላይ እንደሚሳሳ፣ ምን እንደሚተረትረው። ሦስተኛው ላይ እቆያለሁ፣ ከወዲሁ ታገሱኝ።

አንደኛው። እናቴ ስፌት ትሰፋለች። ስንደዶዋንና አክርማዋን ዘርግታ፣ ወስፌዋን ይዛ ስትቀመጥ ከጎኗ ሆኜ ነው ያደግሁት። አዲስ እንቅብ ስትጨርስ የምትፈትነው በጤፍ ነበር። ስንዴ የሚይዝ እንቅብ ሞልቷል፣ ጤፍ ይዞ የማያፈስ ነው እንቅብ ትላለች። ጤፍ እንዴት ያለች ደቃቅ ፍሬ እንደሆነች ለጎጃም ሰው አልነግርም።

የአፋችን ሽፋንም እንዲሁ ነው። ሕዋሳት ጎን ለጎንና ድርብርብ ሆነው ተደርድረዋል። እንዲያው ቢደረደሩ ኖሮ ግን በመካከላቸው ባለው ክፍተት ሁሉም ነገር ያልፍ ነበር። ስለዚህ እርስ በርሳቸው ተሰፍተዋል። አንድ ዓይነት ስፌት ብቻ አይደለም። ዴስሞሶም የሚባለው እንደ ጠንካራ ቋጠሮ ነው፣ ቆሎ ስንቆረጥም ሽፋኑ እንዳይቀደድ ይይዛል። ሌላው ዓይነት ስፌት ሥራው ማጥበቅ ነው፣ በሁለት ሕዋሳት መካከል ፈሳሽም ሌላም እንዳይሾልክ መግጠም። በሳይንሱ ታይት ጃንክሽን ይሉታል። እኔ ጥብቅ ስፌት እለዋለሁ። ያኛው ስንዴ የሚይዘው፣ ይኸኛው ጤፍ የሚይዘው ነው።

የመጀመሪያው ዓይነት ሲበላሽ ምን እንደሚሆን ያየሁትን ልንገራችሁ። አንዲት እናት አፏ ሙሉ በሙሉ ተልጦ መጣች። ሽሮ እንኳ መቅመስ አቅቷታል፣ በርበሬ የነካው ነገር ሁሉ እሳት ሆኖባታል። ቤት ውስጥ "ምች ነው" ብለው ዳማከሴ ሲያሿት ከርመዋል። የሄደችበት ጤና ድርጅትም ደጋግሞ የአፍ ማጠቢያ ብቻ ሰጥቶ መልሷታል። በሽታዋ ፔምፊገስ ነበር። የገዛ ሰውነቷ ያንን ቋጠሮ የሚሠራውን ዴስሞግሌይን 3 የሚባል ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃዋል። ይህ በሽታ ብዙ ጊዜ ከአፍ ነው የሚጀምረው፣ ቆዳ ላይ ምንም ሳይታይ። የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቼ፣ ይህን ያዙልኝ። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ የአፍ ቁስል ምች ነው ተብሎ ቤት አይቀመጥም። ይላካል።

ስለ ምች ካነሳሁ አይቀር። ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣው፣ "ፀሐይ መታኝ፣ ምች ነው" የምንለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ ነው። ነርቭ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል፣ ትኩሳትና ፀሐይ ይቀሰቅሱታል። እናቶቻችን ፀሐይን ሲጠረጥሩ ዝም ብለው አልነበረም። ይሄ በሳምንት በአስር ቀን ይድናል። የማይድነውን ነው ፍሩት የምላችሁ።

ወደ ጥብቁ ስፌት ልመለስ። ድሮ ባለ ማይክሮስኮፖቹ በሕዋሳት መካከል ጥቁር መስመር ያዩና ሲሚንቶ ይመስላቸው ነበር። 1963 ላይ ማሪሊን ፋርኳርና ጆርጅ ፓላዴ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አጉልተው ሲያዩት ሲሚንቶ የለም። የሁለቱ ጎረቤት ሕዋሳት ግድግዳ ራሱ ተነካክቶ ክፍተቱ ጠፍቷል። ታዲያ ምን አገጣጠመው? ክሩ ምንድን ነው? ይህን ለማግኘት ሠላሳ ዓመት ገደማ ፈጀ። 1986 ላይ ከውስጥ በኩል ያለው ተገኘ፣ ዜድ ኦ 1 ይባላል። እሱ ክሩን ከሕዋሱ የውስጥ አውታር ጋር የሚያስር ነው። ራሱ ክሩ አልነበረም። 1993 ላይ ጃፓን ውስጥ የሾይቺሮ ጹኪታ ቡድን ኦክሉዲን የሚባለውን አገኘ። ተገኘ ተብሎ ደስ ተባለ። ኦክሉዲን የሌላቸውን ሕዋሳት ሲያዩ ግን ስፌቱ አሁንም አለ! እንግዲህ ሌላ ክር አለ ማለት ነው። እነዚያው ሰዎች አልተዉትም፣ ፈለጉ፣ 1998 ላይ ክላውዲን የሚባሉትን አገኙ። ስሙ በላቲን መዝጋት ከሚለው ቃል የመጣ ነው። እነዚህ ሰዎች አገኘን ባሉ ማግስት መልሰው የገዛ ግኝታቸውን መጠየቃቸው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። መምህራን፣ ይህን ለተማሪዎቻችሁ ንገሩልኝ።

ይህ ክር ምን ያህል ዋጋ አለው? 2002 ላይ ክላውዲን 1 የሚባለው የሌላቸው አይጦች ተወለዱ። ቆዳቸው ሲታይ ሙሉ ነው። አልተቀደደም፣ አልቆሰለም። በተወለዱ በአንድ ቀን ውስጥ ሞቱ። የሰውነታቸው ውኃ በቆዳቸው በኩል ሾልኮ አለቀ። አንድ ዓይነት ክር ነው የጎደላቸው። አንድ! ይኸው ክላውዲን 1 በእኛ ድድ ውስጥም አለ።

ሁለተኛው፣ የት ይሳሳል። ላንቃችሁን በምላሳችሁ ንኩት፣ አሁን፣ እዚሁ። ጠንካራ ነው አይደል? ላንቃና ድድ እንጀራ፣ ቆሎ፣ አጥንት የሚያርፍባቸው ስለሆኑ ከላይ እንደ ቆዳ የደነደነ ንጣፍ አላቸው። አሁን ምላሳችሁን አንሱና ከሥሩ ያለውን ንኩ። ለስላሳና ስስ ነው።

ስስ መሆኑ ጥቅምም አለው። አጎቴ ደረቱን ሲያመው የሚወስደው ከምላስ ሥር የሚቀመጥ እንክብል ታዞለት ነበር። እሱ ደግሞ መድኃኒት ይዋጣል እንጂ ይቀመጣል ወይ ብሎ በውኃ ይውጠዋል። ሕመሙ አልለቅ አለው። "መድኃኒቱ ውሸት ነው" ብሎ ሊጥለው ሲል ደረስኩ። "አጎቴ፣ የዋጥኸውን ጉበት ከመንገድ ይበላዋል፣ ከምላስህ ሥር ብታስቀምጠው ግን በስሱ ሽፋን አልፎ በደቂቃዎች ደም ውስጥ ይገባል" አልኩት። በሚቀጥለው ሲያመው እንዳልኩት አደረገ። እዚያው ተቀምጦ ለቀቀው። እንግዲህ መድኃኒት በዚያ በኩል እንዲህ ቶሎ ከገባ ሌላውስ? ትንባሆስ? አረቄስ? እመጣበታለሁ።

ከሁሉም የባሰው ስስ ቦታ ግን ሌላ ነው። ጥርሳችን ሽፋኑን በስቶ የወጣ ነው። ሰውነታችን ላይ አጥንት የመሰለ ጠንካራ ነገር ሽፋን በስቶ ደጅ የሚወጣበት ሌላ ቦታ የለም። ጎጆ ውስጥ ምሰሶው ክዳኑን በስቶ ቢወጣ ዝናብ በየት በኩል ይገባል? በምሰሶው ዙሪያ አይደል? የአፋችንም ነገር ይኸው ነው። በጥርስ አንገት ዙሪያ ድዱን ከጥርሱ ጋር የሚያጣብቅ ቀጭን ቀለበት አለ። በዚያ ቀለበት ውስጥ ሕዋሳቱ ራቅ ራቅ ያሉ ናቸው፣ ቋጠሮውም ጥቂት ነው። ይህ ስህተት አይደለም። ነጭ የደም ሕዋሳት ሌት ተቀን በዚያ በኩል እየወጡ አፋፉን ይጠብቃሉ፣ መውጫ ያስፈልጋቸዋል። ሕዋሳቱም በቀናት ውስጥ ይተካሉ። በር ነው፣ ዘበኛ ያለው በር። ዘበኛው ሲያንስ ወይም ጠላት ሲበዛ ግን መጀመሪያ የሚሰበረው እሱ ነው።

ሦስተኛው፣ ምን ይተረትረዋል።

አፋችን ውስጥ ሊኖሩ የሚችሉ የባክቴሪያ ዓይነቶች ከ700 በላይ ናቸው። አብዛኞቹ አይጎዱንም። ግን ጥርስ አንገት ላይ ያ ለስላሳ ቆሻሻ ሳይጠረግ ሲከማች ከሥሩ አየር የማይፈልጉት ይሰፍራሉ። ከእነዚህ አንዱ ፖርፊሮሞናስ ጂንጂቫሊስ ይባላል። ስሙ ረጅም ነው፣ ሥራውን ብቻ ያዙት። መቀስ አለው። ጂንጂፔይን የሚባሉ ፕሮቲን ቆራጭ ኬሚካሎች እየለቀቀ ስፌቱን ይቆርጣል፣ ያንን ኦክሉዲንን ጭምር። ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የእኛም ሰውነት ጠላት ገባ ብሎ ሲቆጣ የሚለቃቸው ኬሚካሎች ስፌቱን ያላሉታል። ከውጭ መቀስ፣ ከውስጥ ማላላት። ከዚያ ድዱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ሲነኩት ይደማል።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር አለ። ሰው "ድዴ ስለሚደማ መፋቅ ተውኩ" ይለኛል። በየሳምንቱ ነው የምሰማው። ወገኖቼ፣ የተገላቢጦሽ ነው! 1965 ላይ ዴንማርክ፣ ኦርሁስ ውስጥ ሃራልድ ሎና ባልደረቦቹ ድዳቸው ጤነኛ የሆነ 12 ሰዎች ወስደው ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲያቆሙ አደረጉ። ምን ሆነ? ከ10 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ሁሉም ድዳቸው ተቆጣ። ሁሉም! መልሰው ማጽዳት ሲጀምሩ በሳምንት ገደማ ድዳቸው ዳነ። በሁለትና ሦስት ሳምንት የተተረተረው በአንድ ሳምንት ተመልሶ ተሰፋ። ድድ ሲደማ የሚያስፈልገው ማጽዳት ነው። በለስላሳው፣ ግን በደንብ።

ሳይጸዳ ዓመት ሲቆይ ግን ታሪኩ ይለወጣል። ቁጣው ወደ ታች ይወርድና ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላል። ስፌቱ ይመለሳል፣ የተበላው አጥንት ግን በራሱ አይመለስም። ጥርስ ይነቃነቃል። ያኔ ነው ሰው ወደ እኛ የሚመጣው።

አሁን ስለ አረቄና ሲጋራ። አባቶቼ እንዳትቀየሙኝ። አልኮል ከሽፋኑ ውስጥ ቅባቱን ያሟሟል፣ ሽፋኑ ይላላል፣ አብሮ የመጣው ሁሉ ይገባል። አብሮት ትንባሆ ካለ የትንባሆው መርዝ በተከፈተው በር ይገባል። ለዚህ ነው ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ የአፍ ካንሰር አደጋው ለየብቻ ካላቸው ድምር የሚበልጠው። ሲጋራ ሌላም ተንኮል አለው። የደም ሥር ስለሚያጠብ ድዱ እየታመመ እንኳ ብዙ አይደማም። የሚያጨስ ሰው "እኔ ድዴ ደምቶ አያውቅም" ይላል፣ ውስጥ ውስጡን አጥንቱ እያለቀ።

እርጉዝ እህቶቼ፣ በእርግዝና ጊዜ ሆርሞን ድዱን ስለሚያስቆጣው መድማት ይበዛል። ብዙ ሴት ያኔ መቦረሽ ታቆማለች። አታቁሙ። ስኳር ያለባችሁም ለድድ በሽታ የተጋለጣችሁ ናችሁ፣ ድዱ ሲታመም ደግሞ ስኳሩ አልገዛ ይላል።

እንጥል ስለማስቆረጥ ሳልናገር ብሄድ ህሊናዬ አይፈቅድልኝም። ታላቅ ወንድሜ "እንጥሉ ወረደ" ተብሎ ሲቆረጥ በሩ ጋ ቆሜ አይቻለሁ። አምስት ዓመት ባይሞላኝም ደሙን አልረሳውም። ቀኑን ሙሉ ደማ፣ አያቴ ስታለቅስ፣ አባቴ በቅሎ ፍለጋ ሲሮጥ። ተረፈ። ያልተረፉ እንዳሉ እዚህ ያላችሁ ታውቃላችሁ። የሕፃን የወተት ጥርስ ገና ድድ ውስጥ ሳለ መፈልቀቅም ያው ነው። ባልታጠበ ስለት የተሰፋውን መቅደድ ነው፣ ለቴታኖስም ለሌላም በር መክፈት ነው። ለእነዚያ ለሚቆርጡት ሰዎች ክፋት የለብኝም፣ የተማሩት ያንን ነው። ግን ይብቃ። እባካችሁ ይብቃ።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ አሁን ለእናንተ ብቻ ነው። ቤት ለቤት ስትሄዱ፣ ከሁለት እስከ ስድስት ዓመት ያለ፣ የተጎሳቆለ፣ በቅርቡ ኩፍኝ የያዘው ሕፃን ካገኛችሁ ከንፈሩን ወደ ላይ ግለጡት። ድዱን እዩ። ድዱ ቆስሎ፣ አፉ ከሸተተ፣ ጉንጩ ማበጥ ከጀመረ ነገ አትበሉ። ኖማ ሊሆን ይችላል። በቀናት ውስጥ ጉንጭ በልቶ ይጨርሳል። ካልታከመ እስከ 90 በመቶ የሚሆኑትን ይገድላል። መጀመሪያ ላይ ከተደረሰበት ግን በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ በአፍ ንጽህናና በምግብ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት በታኅሣሥ 2023 ችላ ከተባሉ የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው እስካሁን ችላ ተብሎ ስለኖረ ነው። ከንፈር መግለጥ ሦስት ሰከንድ አይፈጅም።

ምን እናድርግ? ይህን ቶሎ ልበለው፣ አብዛኛውን ታውቁታላችሁ። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ፣ በለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ባለው ሳሙና። ብሩሽ ከሌለ የወይራ መፋቂያ ጥሩ ነው፣ ጫፉ በደንብ ታኝኮ ይለስልስ። ዋናው የጥርሱን ሆድ ማንጣት አይደለም። ጥርስና ድድ የሚገናኙበትን አንገት ነው መጥረግ ያለባችሁ፣ ያ ቀለበት ያለበትን። የደደረውን ቆሻሻ መፋቂያ አያወጣውም፣ ጥርስ ማሳጠብ ያስፈልጋል። "ካሳጠብኩ በኋላ ጥርሴ ሳሳ፣ ክፍተት ወጣ" የሚሉ አሉ። ክፍተቱ ቀድሞም ነበረ፣ ቆሻሻው ደፍኖት ነው። የልብ በር ችግር ያለባችሁ ደግሞ ጥርስ ከመነቀላችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩ። ከድድ ወደ ደም የገባ ባክቴሪያ የተጎዳ የልብ በር ላይ ሊሰፍር ይችላል፣ አስቀድሞ መድኃኒት የሚያስፈልጋቸው ሰዎች አሉ።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፣ ከእናቴ ጋር የተያያዘ ነው።

እናቴ ሁለት ጥርስ ከወለቀባት በኋላ ነው የድድ በሽታ እንዳለባት ያወቅሁት። እኔ፣ የጥርስ ሐኪሟ ልጇ። በየዓመቱ እመጣለሁ፣ ስትስቅ አያታለሁ፣ ደህና ናት እላለሁ። ለምን አላየሁም? ድድ ሲቆጣ የመጀመሪያው ምልክት መቅላት ነው። የእናቴ ድድ ግን ጥቁር ነው። ያ የምወደው ጥላሸት ቅላቱን ሸፍኖት ኖሯል። እሷም መፋቂያዋ ላይ ደም ታያለች፣ "እድሜ ነው" ብላ ትጥለዋለች፣ አትነግረኝም።

ስለዚህ እናታችሁ የተነቀሰች ሁሉ፣ ድዷን በቀለሙ አትመኑት። መፋቂያዋን እዩት። ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ጠይቋት፣ "እማ፣ ስትፍቂ ደም አለ?" በሏት። የለም ብትላችሁም መፋቂያውን ራሳችሁ አንስታችሁ እዩት። እኔ ባለፈው ፋሲካ ቢቸና ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ "መፋቂያሽን አምጭው" አልኳት። አመጣችልኝ። በሩ ላይ ወደ ብርሃኑ ይዤ አገላብጬ አየሁት። ነጭ ነበር።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።